የዐብዲዐዚዝ ቤልቦተም

ገብረየስ ጅጅጋ በገባ በሦስተኛው ቀን ተሳቀበት። ጊዜው 1996 ነው። ከደብረ ብርሃን ጭኖ ያመጣትን ሲንጀር የስፌት መኪናውን አንድ ጨርቃ ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ ዘርግቶ የመጀመሪያ ደንበኛውን ይጠብቃል። አንድ ሽማግሌ መጡና ሱሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው «ጋቢ» አሉት። ገብረየስ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ «አባቴ፣ ጋቢ እንኳን የለኝም፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አላቸው። ሽማግሌው የሱሪውን እግር ይዘው እያሳዩት «ጋቢ! ጋቢ!» አሉ። «ይኼ እኮ ሱሪ ነው። ጋቢ ከፈለጉ አገር ቤት ልኬ አስመጣልዎታለሁ» እያለ በትሕትና ማስረዳቱን ቀጠለ። በዚህ መሀል የሱቁ ባለቤት ሆዱን ይዞ እየሳቀ ከውስጥ ወጣ። «ጋቢ» በሶማሊኛ «አሳጥረው» ማለት ኖሯል።

ያን ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ልጆች በበረንዳው ባለፉ ቁጥር «ዳዋርሌ፣ ጋቢ አለህ?» ይሉት ነበር። ዳዋርሌ የሚሉት ልብስ ሰፊውን ነው። እንዲህ የተሳቀበት ሰው ወይ እልህ ይዞት ቋንቋውን ይማራል፣ ወይ አብሮ ስቆ ይተወዋል። ገብረየስ አብሮ ሳቀ። ቁጥሮቹን ለቀመ፣ «ሃ» አዎ መሆኑን፣ «ማያ» አይደለም መሆኑን ያዘ፣ «በሪ» ነገ መሆኑን ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ አወቀ፤ ልብስ ሰፊ ያለዚህ ቃል አንድ ቀን አያድርም። «ጋቢ»ንማ በሕልሙም አይስታትም። ሌላውን እማራለሁ ይላል። መቼ ሲሉት፣ «በሪ»።

እሱ ሳይማር ግን ምላስ ተገኘለት። ሚስቱ ጅጅጋ በገቡ በዓመቱ ቢታንያን ወለደችለት። ልጅቱ ስድስት ዓመት ሳይሞላት እናትዋ ታማ ስላረፈች፣ ያደገችው እዚያው በረንዳ ላይ፣ የመኪናው ፔዳል አጠገብ ነው። ሶማሊኛውን እንደ ውሃ ጠጣችው። ደንበኛ መጥቶ ሲናገር ገብረየስ ከሥራው ቀና ሳይል «ምን ይላል?» ይላታል። ሰውየው የልጁን ሰርግ፣ የዝናቡን መዘግየት፣ የሚስቱን ኩርፊያ አውርቶ አውርቶ ሲጨርስ ቢታንያ «ወገቡ ይጥበብ ይላል» ትላለች። ለሥራው ይበቃል። ሰላምታው፣ ቀልዱ፣ ሐዘኑ ግን በጆሮው አጠገብ እያለፈ ሄደ፤ ገብረየስም ምን እንዳለፈው አልጠየቀም።

ከበረንዳው ጀርባ ባለው ቅያስ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ውስጥ ሱዓድ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ወተት ለመግዛት ስትወጣ ገብረየስ ፊት ቆማ ረዘም ያለ ወሬ ታወራዋለች። ቃሉ እንደማይገባው ታውቃለች፤ ግን ጎረቤት ነውና ታወራዋለች። እሱ ለመርፌው ክር እያጎረሰ «ሃ… ሃ…» ይላታል። እሷ ስቃ ትሄዳለች። በየቀኑ እንዲህ ነበር።

በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማው ታምሶ ከደጋ የመጣው ሰው ቤቱና ሱቁ ሲዘረፍ የሆነውን እዚህ አልዘረዝረውም፤ ጅጅጋ የነበረ ያውቀዋል። በዚያ ጠዋት ሱዓድ እየሮጠች መጣችና የመኪናውን ጭንቅላት ከእግሩ እንዲፈታ በእጇ አሳየችው። ሲፈታው በሻርፏ ጠቅልላ ብብቷ ስር ከተተችው። ከዚያ ቢታንያን በእጇ ይዛ አባትና ልጁን ወደ ሰማያዊው በር አስገባቻቸው። መኪናዋን አልጋ ስር ሸጎጠች። ለገብረየስ ከአንድ አሮጌ ሻንጣ የባሏን ሽርጥ አውጥታ አስታጠቀችው። አራት ቀን እዚያ ነበሩ።

በሁለተኛው ቀን በሩ ተደበደበ። ሱዓድ በሩን ገርበብ አድርጋ ቁጣ በተቀላቀለበት ድምፅ አንድ ነገር ተናገረችና መልሳ ዘጋችው። ሰዎቹ ሄዱ። ገብረየስ ሽርጡን እንደታጠቀ ፍራሽ ላይ ኩርምት ብሎ «ምን አለቻቸው?» ሲል ቢታንያን ጠየቃት። «‹ባለቤቴ ታሞ ተኝቷል፣ አትረብሹት› አለቻቸው» አለችው። የሱዓድ ባል ዐብዲዐዚዝ ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት፣ ፍርሃቱ ትንሽ ጋብ ሲል፣ የገብረየስ ዓይን ክፍት የቀረው ሻንጣ ላይ አረፈ። ልብስ ሰፊ የትም ቢሆን ልብስ ሰፊ ነው። እጁን ሰዶ አንድ ቡናማ ሱሪ አወጣ። ቴትሮን ነው፤ ከዳሌው እስከ ጉልበቱ ጥብቅ ያለ፣ ከጉልበቱ በታች እየሰፋ ሄዶ አፉ እንደ ጥሩንባ የተከፈተ ቤልቦተም። የድሮ ሰው እጅ፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ። የሱሪው እግር ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ቅር አለው። እጥፋቱ ተፈትቶ እስከ መጨረሻው ረዝሟል፤ ጫፉ የተያዘውም በአረንጓዴ ክር፣ በእጅ፣ ጠመዝማዛ በሆነ ስፌት ነው። «ማን ነው የሰፋው በያት» አላት ቢታንያን።

ሱዓድ ፊቷ በራ። ብዙ ተናገረች። ክሩን በጣቷ እየነካች፣ አንዴ እየሳቀች፣ አንዴ ዓይኗን በሻርፏ እየጠረገች አወራች። ቢታንያ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ያለው በሩ ላይ ነበር። «የባሏ ነው፤ ድሮ ነው የተሰፋው ትላለች» አለችው። ገብረየስ ራሱን ነቀነቀና ሱሪውን አጣጥፎ ወደ ቦታው መለሰ።

ከዚያ ወዲህ የሱዓድ ልብስ ወረፋ አያውቅም። ከማንም አስቀድሞ ይሰፋላታል። ለእሱ ግን ይህ ውለታ መመለስ ተብሎ አልተቆጠረም። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ነገር በጠየቀችኝ እያለ ይመኛል። እሷ ምንም አትጠይቅም። ጠዋት ጠዋት ወሬዋን ታወራዋለች፤ እሱም «ሃ» ይላታል።

በ2016 ቤልቦተም ተመልሶ መጣ። ገብረየስ በ1976 በልጅነቱ ደብረ ብርሃን ሙያ ሲገባ እጁን ያፍታታው ቤልቦተም በማጥበብ ነው። ፋሽኑ አልፎበት ሰው ሁሉ በሰፊ ሱሪው አፍሮ እያመጣ ያስጠብብ ነበርና፣ ጌታው የሰጡት የመጀመሪያ ሥራ ያ ነበር። አሁን ደግሞ የጅጅጋ ልጆች በቲክቶክ አይተው «አዴር፣ ታቹን አስፋልኝ» እያሉ ይመጣሉ። አዴር አጎቴ እንደማለት ነው። ገብረየስ በሆዱ ይስቃል፤ «ያኔ ከየሱሪው ቆርጬ የጣልኩትን አስቀምጬው ቢሆን ኖሮ» ይላል።

አንድ ማክሰኞ የሱዓድ የልጅ ልጅ ፈይሰል ያንን ቡናማ ሱሪ በፌስታል ይዞ መጣ። እሷው ያሳደገችው ልጅ ነው፤ ከጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሊመረቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ስልኩን አውጥቶ የአንድ አሮጌ ፎቶ ኮፒ አሳየው። ዐብዲዐዚዝ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆሟል። ጎፈሬው ከበር የሚያስገባው አይመስልም፤ የሸሚዙ ኮሌታ ትከሻው ላይ ተኝቷል። ሱሪው ወለሉን ይጠርጋል፤ ጫማው ጨርሶ አይታይም።

«እኔ እንደሱ አልለብሰውም» አለ ፈይሰል። «ሱሪው የአያቴ፣ ሌላው የእኔ። ጋዋኑን ሳወልቅ በጥቁር ቲሸርትና በነጭ ስኒከር ነው የምለብሰው። ቪንቴጅ ነው አዴር፣ አንተ አታውቀውም!» ሶማሊ አማርኛ ሲናገር አንቱታ ብዙም አይሆንለትም፤ ገብረየስም ለምዶታል።

«የማላውቀው! ስንቱን በእጄ ገድዬዋለሁ» አለና ሜትሩን አንገቱ ላይ አደረገ። ወገቡ ሁለት ጣት ይጠባል። ፈይሰል ከአያቱ ስለሚያጥር ቁመቱ አራት ጣት ይተርፈዋል። «ይህን ላሳጥረው?»

ፈይሰል ራሱን አከከ። «እሱ ላይ ተጣልተናል። እኔ ይጠር እላለሁ፤ ነጩ ጫማ ካልታየ ምን ይሠራል? አያቴ ደግሞ ሌላ አሳብ አላት። ምክንያቷን ስጠይቃት ‹ስትለብሰው እነግርሃለሁ› ትለኛለች። አሁን እህቷ ታማባት ሀርሺን ከተማ ሄዳለች። ትደውልልሃለች። ሱሪው የሷ ነው፤ እሷ ያለችህን አድርግ።»

ገብረየስ ደስ አለው። ሱዓድ በመጨረሻ አንድ ነገር ልትጠይቀው ነው።

በማግስቱ ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ባጃጆቹ ይንጫጫሉ፤ የጅጅጋ ነፋስ የሱቁን ሸራ ያንገጫግጫል፤ የሀርሺን መስመር እየመጣ ይሄዳል። «ዳዋርሌ!» አለችው ሱዓድ ከሩቅ። ከዚያ ድምፅዋ ተቆራረጠ፣ ተመለሰ፤ እንዲህም ስትል ሰማት፦ «ዋላል፣ ሃ ጋቢን። ሃ ጋቢን።» ዋላል ወንድሜ መሆኑን ያውቃል። «ሃ» አዎ ነው። «ጋቢ»ን ደግሞ ጅጅጋ ውስጥ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ሁለት ጊዜ ነው ያለችው። አዎ፣ አሳጥር። አዎ፣ አሳጥር።

«ሃ! ጋቢ!» ብሎ ጮኸላት።

«ሃ ጋቢን!» አለችው እየሳቀች፤ የገባው መስሏት ነው። ስልኩ ተቋረጠ።

ገብረየስ ስልኩን አስቀምጦ ትንሽ ኮራ። ያለማንም እርዳታ በሶማሊኛ፣ ያውም በስልክ፣ አንድ ቁም ነገር ጨርሷል። ለቢታንያ ሊነግራት ስልኩን መልሶ አነሳ። ቢታንያ ሃዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። ግን ባለፈው ሳምንት ያለችው ትዝ አለውና ተወው። «አባዬ፣ ክፍል ውስጥ እያለሁ ለኪስና ለኮሌታ አትደውልልኝ። ሃያ ዓመት ጅጅጋ ኖረህ እንዴት ነው?» ብላው ነበር። እውነቷን ነው፤ እውነት ስለሆነም ነው የከፋው።

ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ትርፉን አራት ጣት፣ ነጩ ጫማ እንዲታይ ደግሞ ሌላ አራት ጣት ለክቶ በጠመኔ አሰመረ። መቀሱን ሲያነሳ ግን እጁ ተጎተተበት። ሌላ ሱሪ ቢሆን ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፎ መስፋት ይበቃል፤ ነገ ሐሳብህን ብትቀይር ትፈታዋለህ። ቤልቦተም እንዲህ አይሆንም። ወደ ታች እየሰፋ ስለሚሄድ፣ የታጠፈው ጨርቅ ከላዩ ሰፍቶ ይጨማደዳል፤ መቁረጥ ግድ ነው። ሲቆረጥ ደግሞ የሚሄደው ሰፊው ቦታ፣ ቤልቦተም ያሰኘው ቦታ ነው። ይህን ገብረየስ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ያውቃል። «ቢታንያ ጋ ልደውል?» አለ ለራሱ። ስልኩን አየው። «እኔስ ሰው አይደለሁም? በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለና ተወው።

በመጀመሪያ ያንን አረንጓዴ ክር በምላጭ እየሳበ ፈታው። አንዳንዱ ቦታ ተደራርቦ፣ አንዳንዱ ቦታ ዘሎ የተሰፋ ነው። «የሰነፍ እጅ» አለና ክሩን ከጣቱ ላይ እፍ አለው። ከዚያ ቆረጠ። ከቴትሮኑ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ቡናማ ክር ለማግኘት ሦስት ሱቅ ዞሮ ነበር፤ በሱ ሰፋው። በካውያ ተኮሰው። ሥራው እንከን የለውም። ይህን ያህል ተጠንቅቆ የሠራው ልብስ በዚያ ዓመት አልነበረም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፈይሰል መጥቶ መጋረጃው ጀርባ ለበሰው። ሲወጣ ወደ ታች ተመለከተ። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቷል፤ እንደ ጥሩንባ የተከፈተው አፉ የለም።

«አዴር፣ አያቴ አልደወለችልህም?»

«ደውላለች እንጂ።»

«ምን አለችህ?»

«ሃ፣ ጋቢ አለችኝ። ሁለት ጊዜ!»

ፈይሰል አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «‹ሃ፣ ጋቢ› ነው ያለችህ፣ ወይስ ‹ሃ ጋቢን›?»

«ምን ልዩነት አለው?»

ልጁ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ቀስ ብሎ አስረዳው። «ሃ» ረዘም ብላ ስትነገር አዎ ናት። አጠር ስትል ግን መከልከያ ናት። መጨረሻ ላይ «ን» ከተጨመረች ደግሞ አለቀ፤ ሃ ጋቢን ማለት አታሳጥር ማለት ነው።

ገብረየስ ጅጅጋ ከገባ ጀምሮ ይህችን «ን» ስንት ሰው ፊቱ ቆሞ እንደተናገራት አሰበ። ከዚያ ብድግ ብሎ የቁርጥራጭ ጆንያውን አገላበጠ። ባዶ ነው። ትራስ የምትሞላዋ ሴት ቁርጥራጩን ትናንት ወስዳዋለች። ባጃጅ ይዞ ከብት ገበያው አጠገብ ወዳለው ቤቷ ሄደ። ሴትየዋ አዘነችለት። ጨርቁን በጣጥሳ ትራስ ሞልታበታለች፤ ትራሶቹም ጠዋት በአይሱዙ ተጭነው ወደ ደገሀቡር ሄደዋል።

ፈይሰል ሱሪውን ለምርቃቱ ለበሰው። ጋዋኑን ሲያወልቅ ጥቁሩ ቲሸርትና ቡናማው ቴትሮን ታዩ፤ ነጩ ስኒከር ቁልጭ ብሎ ወጣ። ጓደኞቹ ከበቡት፣ ፎቶ አነሱት፣ ፎቶው በየስልኩ ዞረ። በሳምንቱ አምስት ጎረምሶች በረንዳው ላይ ተሰለፉ። «እንደ ፈይሰል አድርግልን፤ ሰፋ ብሎ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቀር» ይላሉ። ያ ክረምት የጅጅጋ ፋሽን የገብረየስ ስህተት ሆነ። ሰፋላቸው፤ ምን ያድርግ። «ጎበዝ ዳዋርሌ!» ባሉት ቁጥር ግን ጆሮው ይግላል።

ሱዓድ ምን እንዳለች የነገረው ፈይሰል ነው። «እግሬን አየች። ከዚያ ኮፍያዬን አስተካክላልኝ ‹ፎቶ እንነሳ› አለች። ‹ስትለብሰው እነግርሃለሁ› ያልሽኝን ንገሪኝ ስላት፣ ‹ተወው› አለችኝ።»

ይህቺ «ተወው» ገብረየስን እንቅልፍ ነሳችው። በሚቀጥለው እሁድ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ስልኩ ላይ ካርድ ሞልቶ፣ ሰማያዊውን በር አንኳኳ። ሱዓድ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠችው። ቢታንያ ጋ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን በመካከላቸው አኖረው። «ቢቱ፣ እንዲህ በያት። አጥፍቻለሁ። ያጠፋው እጄ አይደለም፤ ጆሮዬ ነው። ይቅር ትበለኝ።»

ቢታንያ ተረጎመች። ሱዓድ መናገር ጀመረች። የራሷን ቀሚስ ጫፍ ይዛ አሳየች። ደጃፉ ላይ ወደ ወለቁት ጫማዎች ጠቆመች። አንዴ ሳቀች። ከዚያ የሻርፏን ጫፍ ዓይኗ ላይ ይዛ ቆየች።

«ምንም አይደለም ትላለች» አለች ቢታንያ።

«ይህን ሁሉ ተናግራ?»

«አባዬ፣ በቃ ምንም አይደለም ነው ያለችው።»

«ቢታንያ፣ ቃል በቃል ንገሪኝ። አታሳጥሪብኝ።»

ልጅቱ በረዥሙ ተነፈሰች፤ ከዚያ ነገረችው። ዐብዲዐዚዝ ደገሀቡር መንግሥት ቤት ጸሐፊ ሆኖ የተቀጠረ ድሃ ወጣት ነበር። የመጀመሪያ ደሞዙን በሙሉ ሱሪ አሰፋበት፤ ለጫማ አልተረፈውም። ጫማው አፉን ከፍቶ ጣቶቹ ይታያሉ። ሱዓድን ሊጠይቅ አባቷ ፊት የሚቀርብበት ቀን ሲደርስ፣ እሷ በእህቱ በኩል ሱሪውን በድብቅ አስመጣች። ጫማው እንዳይታይ እጥፋቱን ፈትታ እስከ መጨረሻው አረዘመችው። ቤት ውስጥ ቡናማ ክር አልነበረም፤ ከራሷ ሻርፕ ላይ አረንጓዴ ክር መዘዘችና ሰፋችው። መርፌ ይዛ አታውቅም ነበር። አባቷ ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ጫማውን አላዩም። ሰጡት። ዐብዲዐዚዝ እስኪሞት ድረስ «አንቺን ያገኘሁሽ በዚች ክር ነው» ይላት ነበር። እሱ በስደት አገር ሞተ፤ እሷ ስትሰደድም ስትመለስም ያንን ሻንጣ ይዛ ድንበሩን ሁለት ጊዜ ተሻግራለች። የልጅ ልጇ በተመረቀበት ቀን ሱሪው ጫማውን ሸፍኖት እንድታይ፣ ከዚያም ታሪኩን እንድትነግረው ፈልጋ ነበር።

«አባዬ» አለች ቢታንያ፣ «ይህን ያኔም ነግራህ ነበር። በሩ በተደበደበበት ቀን። አንተ ማን ነው የሰፋው ብለህ ጠይቀህ። እኔ ነኝ ያሳጠርኩት። ፈርቼ ነበር።»

ገብረየስ አንገቱን ደፋ። «የሰነፍ እጅ» ያለው ትዝ አለው። እፍ ሲለው ክሩ በየት በኩል እንደሄደ ለማስታወስ ሞከረ። ይቅር በዪኝ የሚለውን በሶማሊኛ አያውቀውም ነበር። በአማርኛ አለ፤ ሱዓድም «እሺ» አለችው። ከአማርኛ የምታውቀው ያንን ብቻ ነው።

በማግስቱ በረንዳውን ከመጥረጉ በፊት በጉልበቱ ተንበርክኮ የጠረጴዛውን ስር፣ የፔዳሉን ዙሪያ፣ የሲሚንቶውን ስንጥቅ አንድ በአንድ አየ። የጅጅጋ ነፋስ ምን ያስቀራል። ሰው ሲያልፍ መርፌ የጠፋው መሰለና ተነሣ።

ሱዓድ ሰላምታዋን አላቋረጠችም። ጠዋት ጠዋት ታልፋለች። ግን አትቆምም፤ «ነበድ» ትለውና ትሄዳለች። ነበድ ሰላም ማለት ነው። ያ ረዥም ወሬ ቀረ። ገብረየስ አንድም ቀን ገብቶት የማያውቀው ወሬ ይህን ያህል ይናፍቀኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። ስለ ምን ነበር የምታወራው? ስለ እህቷ? ስለ ወተቱ? ስለ ዐብዲዐዚዝ? ቢታንያን አሁን መጠየቅ አይቻልም፤ እሷም ልብ ብላ አልሰማችውም።

ያኔ ነው መማር የጀመረው። ፈይሰል በደብተር ላይ በአማርኛ ፊደል ይጽፍለታል፤ እሱ መኪናውን እየረገጠ ያነበንባል። ከሁሉ አስቀድሞ ያስጻፈው «ይቅር በዪኝ»ን ነው፤ ኢጋ ራሊ አሆው። ሁለት ወር ሙሉ ተለማመደው። አጠራሩን ሰው ሳቀበት፤ እሱ አልሳቀም። ቆማ የምታወራው ቀን ሊላት ነው፤ እሷ ግን አትቆምም።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ቆመች። ለዘመድ ሰርግ የሚሆን ቀሚስ ይዛ ነው የመጣችው፤ ትከሻው ላይ ስፌቱ ተተርትሯል። ገብረየስ ተነሥቶ ቆመ። ኢጋ ራሊ አሆው፣ ኢጋ ራሊ አሆው እያለ በውስጡ አሰናዳው።

ሱዓድ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የተተረተረውን ትከሻ አሳየችው። ከዚያ የቀሚሱን ጫፍ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችና ዓይኑን እያየች፣ በአማርኛ፣ ቃሉን እየቆራረሰች፣ «አ-ታ-ሳጥር» አለችው። ከፈይሰል ተምራው መንገዱን ሙሉ ስትለማመደው እንደመጣች ከአፏ ያስታውቃል። እንዳይሳሳት ብላ ደገመችው። «አታሳጥር። እሺ?»

ሃያ ዓመት በሙሉ በራሷ ቋንቋ፣ እንደ ጎረቤት፣ ያወራችው ሴት ናት። አሁን ጆሮውን አላመነችውም፤ በስተርጅና የሱን ቃል ተምራ መጣች። የተዘጋጀበትን ሶማሊኛ ሳይናገረው ቀረ። ሱዓድ የቀሚሱን ጫፍ እንደያዘች መልሱን ትጠብቃለች።

«እሺ» አላት ገብረየስ። «አላሳጥርም።»

ያኔ ጫፉን ለቀቀችለት።